ዱስቲ ቤከር ያን ሁሉ ስም ይገባዋል ወይስ አይገባውም? (ቤዝቦል)

ዘጠነኛ_ኢኒንግ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቅዳሜ ሰርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ የከበብን ሰዎች በዱስቲ ቤከር ምክንያት ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን፣ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ይኸው ይዤው መጣሁ። ዓመቶቹንም ወራቶቹንም በፈረንጅ አድርገን እንጻፍ።

ለማታውቁት በአጭሩ፣ ሰውዬው 26 ሲዝን ማናጀር ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ፣ ቺካጎ ከብስ፣ ሲንሲናቲ ሬድስ፣ የኛው ዋሽንግተን ናሽናልስ፣ መጨረሻ ላይ ሂዩስተን አስትሮስ። 2,183 ጨዋታ አሸንፏል፣ በ2023 ሲያቆም በታሪክ 7ኛ ነበር፣ ከሱ በላይ የነበሩት ስድስቱም ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር ማዕከል) የገቡ ናቸው። አምስት የተለያየ ቡድን ይዞ ዲቪዥን (በሊጉ ውስጥ ያለ የቡድኖች ምድብ) በማሸነፍ ደግሞ የመጀመሪያው እሱ ነው። ግን በማናጀርነት ዋንጫ ያነሳው አንዴ ብቻ፣ ያውም በ73 ዓመቱ በ2022።

እኔ ለሱ አድልቼ ነው የምናገረው፣ አልደብቅም። በ2017 ታክሲ እነዳ ነበር፣ ናሽናልስ ከከብስ የፕሌይኦፉን (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ የሚደረገውን ውድድር) አምስተኛ ጨዋታ የተጫወቱ ለት ማታ ስታዲየሙ አቅራቢያ ቆሜ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። 4 ለ 3 እየመራን አምስተኛው ኢኒንግ ላይ (ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው) ዱስቲ ማክስ ሸርዘርን ከቡልፔን (ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከሚጠብቁበት) አስገባው፣ በዛን ጊዜ ከሸርዘር የተሻለ ፒቸር (ወርዋሪ) ማን አለ? ሁለት አውት አገኘ፣ ሶስተኛው ቢጨመር ኢኒንጉ ያልቃል። አለቀ ስል ሂት፣ ሂት፣ ዳብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት)፣ ከዛ ስትራይክአውት የተደረገው (ሶስቴ የሳተው) ሰውዬ ኳሷ ከካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ከሚይዘው) አምልጣ ቤዝ ደረሰ፣ ከዛ የካቸሩን ጓንት ባቱ ነካው ተባለ፣ ከዛ አንዱ በኳስ ተመታ። በአንድ ኢኒንግ አራት ሯጭ ገባ፣ አራት ነጥብ ማለት ነው። 9 ለ 8 ተሸነፍን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰዉ እየወጣ ሲመጣ አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጁ ገቡልኝ፣ ልጁ ቀዩን ኮፍያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ቤታቸው አንድ ቃል አልተናገረም። ሽማግሌው ብቻ «ሰውዬው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል» አለኝ። ከሳምንት በኋላ ዱስቲ ተሰናበተ። 97 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው!

እና ጥያቄዬ፣ ስሙ ይገባዋል ወይ?

አዲስ_ተመልካች፦
ይቅርታ እኔ ቤዝቦል የጀመርኩት ገና ባለፈው ዓመት ነው፣ ማናጀሩ ግን ጨዋታው ውስጥ ምን ያህል ይወስናል? ኳስ ላይ አሰልጣኝ ታክቲክ ይሰራል ተጫዋች ያሰልፋል ይገባኛል፣ እዚህ ግን ሰውዬው ቁጭ ብሎ ስንጥር ሲያኝክ ነው የማየው።

ዘጠነኛ_ኢኒንግ፦
@አዲስ_ተመልካች ስንጥሯ የዱስቲ መለያ ናት 😀 ዋናው የማናጀር ስራ ፒቸር መቼ ይውጣ፣ ማን ይግባ የሚለው ነው። ፒቸሩ በወረወረ ቁጥር ክንዱ ይደክማል፣ መቶ ውርወራ አካባቢ ሲደርስ ማናጀሩ ያንን ማየት አለበት። ቀድሞ ካወጣው ቡልፔኑ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ካዘገየ ደግሞ የደከመው ሰውዬ ይመታበታል። ሁለተኛው ስራ ካሜራ የማያየው ነው፣ ከየካቲት እስከ ጥቅምት አብረው የሚውሉ የሚያድሩ 26 ሰዎችን ሳይባሉ ማቆየት።

ቁጥር_ይናገር፦
እንግዲህ እኔ ተቃራኒው ነኝ፣ ስለዚህ በትዕግስት አንብቡኝ።

ዱስቲ ጥሩ ሰው ነው፣ እዛ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ጥሩ ሰውነት ሌላ ጥሩ ማናጀርነት ሌላ። 2003 ከብስን ውሰዱ። ማርክ ፕራየር የሚባል ልጅ ነበራቸው፣ ሲዝኑን የጨረሰው ገና በ23 ዓመቱ ነው፣ 18 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ኢአርኤው (በዘጠኝ ኢኒንግ የሚገባበት አማካይ ነጥብ) 2.43። እንዲህ አይነት ክንድ በአስር ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ዱስቲ በመስከረም ወር ይህን ልጅ ደጋግሞ ከ120 ውርወራ በላይ አስወረወረው፣ 130 ያለፈበትም ቀን አለ። ፕሌይኦፍ ላይ ከማርሊንስ ጋር ሁለተኛው ጨዋታ 12 ለ 3 ነው ያለቀው፣ ገና ከጅምሩ ያለቀለት ጨዋታ ነበር፣ ልጁን ግን ሰባት ኢኒንግ አስቆየው። ለምን? ቡልፔን ምን ይሰራል? ኬሪ ዉድም እንደዛው፣ ያን ዓመት 211 ኢኒንግ ወርውሮ 266 ስትራይክአውት አድርጎ ከዛ በኋላ ክንዱ የድሮው ክንድ አልሆነም። ፕራየር ከ2006 ወዲህ ሜጀር ሊግ ላይ አንድ ኳስ አልወረወረም። በ25 ዓመቱ!

ሰው አንድ ቀን ቢሳሳት ይቅር ይባላል። ይሄ ግን አንድ ቀን አይደለም፣ የአሰራር ዘይቤ ነው። ደግሞ ያኔ ዎክ (በአራት መጥፎ ውርወራ ሳይመቱ ቤዝ መሄድ) ማግኘትን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር፣ ቀርፋፋ ሯጭ ቤዝ ላይ ከቆመ መንገድ ይዘጋል ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ቤዝ ላይ ሰው ሳይኖር በምን ይገባል ታዲያ?

ሰፈረ_ቺካጎ፦
ወንድሜ @ቁጥር_ይናገር የኔን ቁስል ነው የነካኸው። 2003 ገና ቺካጎ የገባሁበት ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ቤዝቦል ያስተማረኝ እዛው የምሰራበት መጋዘን ያለ ሰውዬ ነው። ጥቅምት 14 ማታ ስድስተኛው ጨዋታ። 3 ለ 0 እየመራን ስምንተኛው ኢኒንግ፣ አንድ አውት፣ አምስት አውት ብቻ ቀርቶናል ወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ለመግባት፣ ከብስ ከ1945 ጀምሮ ያላዩትን ነገር ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ፋውል ኳሷን (ከሜዳው መስመር ውጪ የሄደችውን) ስለነካው ደጋፊ ነው፣ ያን ምስኪን ስሙን አልጠራም፣ በቂውን አግኝቷል። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፣ ከሷ ኳስ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ዎክ፣ ከዛ የማርሊንሱ ኢቫን ሮድሪጌዝ ሂት፣ ከዛ የኛው አሌክስ ጎንዛሌዝ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና ሶስተኛ ቤዝ መሃል) ላይ ድርብ አውት ልትሆን የምትችለውን ኳስ አመለጠችው፣ ከዛ የዴሪክ ሊ ዳብል። እኩል! ዱስቲ እስከዛ ድረስ ፕራየርን አላወጣውም፣ ልጁ ወደ 120 ውርወራ ተጠግቶ ነበር። ስምንት ሯጭ ገባብን። በማግስቱ ደግሞ ዉድን ይዘን ተሸነፍን።

መጋዘን ውስጥ በማግስቱ የነበረው ዝምታ፣ እናንተ ልቅሶ ቤት በሉት።

ግን ይሄን ሁሉ ብዬ ዱስቲን አልጠላውም። አንደኛ፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ከብስ 67 ነው ያሸነፉት፣ እሱ ሲመጣ 88። ሁለተኛ፣ የፕራየር ነገር ውርወራ ብቻ አይደለም። በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ቤዝ እየሮጠ ከብሬቭስ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ተጎድቷል። 2005 ላይ ደግሞ የተመታ ኳስ ቀጥ ብሎ ክርኑን ሰበረው፣ እኔ በቲቪ እያየሁ ነው ድምጹን የሰማሁት። ልጁ ራሱ ከዛ በኋላ ዱስቲ ላይ ጣት ቀስሮ አያውቅም፣ ኢንተርቪውዎቹን ፈልጋችሁ ስሙ። ዛሬ የዶጀርስ ፒቺንግ ኮች ነው።

ቁጥር_ይናገር፦
@ሰፈረ_ቺካጎ ስለ ግጭቱና ስለ ክርኑ ልክ ነህ፣ ያንን መጻፍ ነበረብኝ። ግን ተበዳዩ ይቅር ስላለ በደል አልነበረም ማለት አይደለም። ትከሻው ተጎድቶ የተመለሰን ልጅ ነው እኮ መስከረም ላይ እንደዛ ያስወረወረው፣ ይሄ ይብስበታል እንጂ አይቀንስለትም።

ስለ 88 ደግሞ፣ ዱስቲ ሲገባ ቡድን ይሻሻላል የሚለው ሁሌ ይነሳል። ሲወጣስ? ጃያንትስ እሱ በወጣ ማግስት በ2003 100 አሸነፉ። ከብስ በመጨረሻው ዓመቱ 66 አሸንፈው እሱ ሲወጣ 85 አሸነፉ፣ ዲቪዥንም ወሰዱ። ጃያንትስ በ1993 ከ72 ወደ 103 ሲዘሉ ያው ባሪ ቦንድስ የመጣው በዛው ዓመት ነው። ባሪ ቦንድስ ሲመጣልህ እኔም ብሆን ማናጀር ሆኜ እሻሻላለሁ።

ጋሽ_መኮንን_ዲሲ፦
ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ሎስ አንጀለስ የገባሁት በ1980 ነው። ማታ ማታ ነዳጅ ማደያ እሰራ ነበር፣ አብሮኝ የሚሰራው ሜክሲኳዊ ሬዲዮ ይከፍትና የዶጀርስን ጨዋታ በስፓኒሽ እንሰማለን፣ እኔ ስፓኒሹም እንግሊዝኛውም እኩል ነው የማይገባኝ። 1981 የፈርናንዶ ቫለንዙዌላ ዓመት ነው፣ ከተማው አብዶ ነበር። እና በዛ ቡድን ውስጥ ግራ ሜዳ ላይ የሚቆመው፣ 12 ቁጥር የሚለብሰው ዱስቲ ቤከር ነበር። በዛ ዓመት .320 መታ (ከመቶ ተራ 32ቱን ሂት ማለት ነው)፣ ዋንጫውንም ያንኪስን አሸንፈው ወሰዱ። ማናጀርነቱን ብቻ የምታውቁ ይሄን አትርሱ፣ ሰውዬው ዋንጫ ምን እንደሚመስል በተጫዋችነት ያውቀዋል።

ከዛም በፊት አትላንታ እያለ ሃንክ አሮን ነው ያሳደገው ማለት ይቻላል። አሮን ለዱስቲ እናት ልጅሽን አደራ እጠብቀዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። በ1974 አሮን 715ኛውን ሆምራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መትቶ የቤብ ሩትን ሪከርድ ሲሰብር፣ ቀጣዩ መቺ ሆኖ ተራውን እየጠበቀ የቆመው ዱስቲ ነው። አሮን በዛን ወቅት የግድያ ማስፈራሪያ ደብዳቤ በየቀኑ ይደርሰው ነበር። አንድ ወጣት ጥቁር ልጅ ታላቁ ሰው ያን ሁሉ ተሸክሞ በየቀኑ ስራው ሲገባ አጠገቡ ሆኖ ካየ ምን ይማራል ብላችሁ አስቡ። አደራ ነው የተማረው። እሱም በተራው የሰው ልጅ ተረክቦ አደራ ጠበቀ። ቁጥር ውስጥ ይሄ የት ይጻፋል?

ቁጥር_ይናገር፦
ጋሼ ያሉት ልቤን ነካው፣ እውነት ለመናገር ይሄን የአደራውን ነገር አላውቅም ነበር። ግን እንዲያው በድፍረት ልጠይቅዎትና ፕራየርስ የሰው ልጅ አልነበረም?

ጋሽ_መኮንን_ዲሲ፦
ነበረ ልጄ። እሱ ላይ እውነት አለህ። ያኔ የነበረው አስተሳሰብ እንደዛ ነበር፣ ጎበዝ ፒቸር የጀመረውን ይጨርሳል ነው የሚባለው፣ ፈርናንዶም በልጅነቱ እንደዛው ነው የተደረገው፣ በ20 ዓመቱ ሙሉ ጨዋታ እየደራረበ። ይሄ ግን ማስረጃ እንጂ ይቅርታ አይሆንለትም።

የሂዩስተን_ልጅ፦
በመጀመሪያ ጋሽ መኮንን እድሜ ይስጥልን 🙏

እኔ ሴት ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ የአስትሮስ ደጋፊ ነኝ፣ እና የዛን ጊዜ የሂዩስተንን ሁኔታ ላስታውሳችሁ። ጥር 2020። የቆሻሻ ባልዲ እየደበደቡ የተጋጣሚን ካቸር ምልክት ሰርቀዋል ተብሎ ማናጀሩ ኤጄ ሂንች ታግዶ ተባረረ፣ በየሄድንበት ሌባ ተባልን። የስራ ጓደኞቼ ኮፍያዬን አይተው ይስቁብኝ ነበር። በዛ ሰዓት ማን ይምጣ? 70 ዓመት የሞላው፣ ሁሉም የሚያከብረው፣ በስሙ ላይ ቆሻሻ የሌለበት ሰው መጣ። በየከተማው ባልዲ እያንኳኩ ሲሰድቧቸው እሱ ፊት ፊት እየሆነ ለጋዜጠኛ መልስ ይሰጣል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። 2020 በሶስት ጨዋታ ተመርተው ሰባተኛ ጨዋታ አደረሱ። 2021 ወርልድ ሲሪስ። 2022 106 አሸንፈው ዋንጫ። 2023 እንደገና እስከ ሰባተኛ ጨዋታ። አራት ዓመት በተከታታይ ከወርልድ ሲሪስ ከአንድ ደረጃ በላይ ዝቅ ብሎ አያውቅም እኮ!

ደግሞ ቡልፔን አያውቅም ለምትሉት፣ በ2022 ፕሌይኦፍ የአስትሮስ ቡልፔን ኢአርኤ 0.83 ነበር። እነዛን ልጆች እየመረጠ ያስገባው ማን ነው?

አዲስ_ተመልካች፦
የ2022ን የመጨረሻ ጨዋታ ዩቱብ ላይ አየሁት አሁን፣ ያ አልቫሬዝ የሚባለው የመታው ኳስ ሰማይ ጠቀስ ነው። ግን የሌላኛው ማናጀር ነው ስህተቱ ይላሉ ኮሜንት ላይ፣ እውነት ነው?

ዘጠነኛ_ኢኒንግ፦
@አዲስ_ተመልካች እኔ ልጽፍ የፈለግኩት ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ጥሩ ጊዜ መጣህ።

እስቲ ሶስት ማታ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንደኛው 2002፣ ጃያንትስ ከኤንጀልስ፣ ስድስተኛ ጨዋታ። 5 ለ 0 እየመራ ስምንት አውት ሲቀረው ዱስቲ ረስ ኦርቲዝን አወጣው፣ ኳሷንም ለማስታወሻ ሰጥቶት ሸኘው። የገባው ፒቸር ከኤንጀልሱ ስኮት ስፒዚዮ ባለ ሶስት ነጥብ ሆምራን በላ፣ 6 ለ 5 ተሸነፉ፣ በማግስቱ ዋንጫው ሄደ። ሁሉም ምን አለ? ቀድሞ አወጣው። ኳሷን መስጠቱማ እስከዛሬ ትዕቢት ተብሎ ይወራል። ሁለተኛው 2003፣ ፕራየርን አላወጣውም። ሁሉም ምን አለ? አዘገየው። ሶስተኛው 2022፣ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ፊላደልፊያ 1 ለ 0 እየመራች ዛክ ዊለር በጣም ጥሩ እየወረወረ 70 ውርወራ ላይ ነው። የፊሊስ ማናጀር አወጣው፣ ግራኝ ለግራኝ ብሎ አልቫራዶን አስገባ፣ ዮርዳን አልቫሬዝ ባለ ሶስት ሆምራን አስወነጨፈው። 4 ለ 1 አለቀ። ዱስቲ ባለ ዋንጫ።

እንግዲህ የዱስቲ ስም በነዚህ ማታዎች ነው የተሰራው፣ የማይሆነውም የሆነውም። አንዴ ቀድሞ ስላወጣ፣ አንዴ ስላቆየ፣ አንዴ ደግሞ ሌላ ሰው ስላወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ኳሷ ሁለት ሜትር ዝቅ ብላ ብትሄድ ኖሮ ስፒዚዮን ማንም አያስታውስም፣ ኳስ መስጠቱም የአባት ደግነት ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ለዚህ ነው እኔ ሰውዬውን በሲዝኑ 162 ጨዋታ ነው የምመዝነው የምለው። በዛ ከመዘናችሁት ደግሞ 26 ዓመት ሙሉ የትም ቢሄድ ያሸንፋል።

ቁጥር_ይናገር፦
ይሄ ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ያንሸራትትሃል። 2002 እና 2022 የአንድ ማታ ዕድል ናቸው፣ እሺ። 2003 ግን አንድ ማታ አይደለም፣ እየደጋገምኩት ነው። በ162 እንመዝነው ካልክ የፕራየር መስከረምም ከ162ቱ ውስጥ ነው እኮ። በ162 ሂሳብ ነው የማይገባውን ያደረገው።

ደግሞ አረጀና ተለወጠ እንዳትሉኝ፣ 2023 ላይ ያይነር ዲያዝ የሚባል ወጣት ካቸር በ104 ጨዋታ 23 ሆምራን እየመታ ቤንች ያስቀምጠው ነበር፣ .191 የሚመታውን ማርቲን ማልዶናዶን እያጫወተ። ሰፈሬ ያሉ የአስትሮስ ደጋፊዎች በዚህ ሲያብዱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሂዩስተን_ልጅ፦
እኔም ካበዱት አንዷ ነበርኩ 😅 የዲያዝን ነገር እሰጥሃለሁ። ግን ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ፒቸሮቹ ማልዶናዶን ነው የሚያምኑት፣ ፍራምበር ቫልዴዝ በተለይ ነርቩ ሲነሳ የሚያረጋጋው እሱ ነው። እኛ ICU (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ አንዳንዴ አንድ አዲስ ጎበዝ ነርስ ይመጣል፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲረበሽ ያደረውን በሽተኛ የሚያረጋጋው የ20 ዓመት ልምድ ያላት ሴትዮ ናት፣ ድምጿን ሲሰማ ብቻ ትንፋሹ ይስተካከላል። ያንን የትኛው ቻርት ላይ ትጽፈዋለህ? ልክ ነው አይደለም አልልም፣ ግን ሰውዬው ምን እያየ እንደነበር ይገባኛል።

ቁጥር_ይናገር፦
@የሂዩስተን_ልጅ ይሄን እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። እሺ። .191 ግን አሁንም .191 ነው እህቴ።

ሰፈረ_ቺካጎ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው የሚረሳውን። የ2002ቱ ጃያንትስ ውስጥ ቦንድስና ጄፍ ኬንት ነበሩ፣ ሁለቱም ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የነበሩ፣ ሁለቱም እርስ በርስ የማይዋደዱ። ሰኔ ላይ ሳን ዲዬጎ ዳግአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ውስጥ ካሜራ ፊት ተያያዙ፣ አንዱ ሌላውን ግድግዳ ላይ አጣበቀው። ሌላ ቡድን ቢሆን በዛው ይበተናል። እነሱ ጥቅምት ላይ ወርልድ ሲሪስ ነበሩ። @ቁጥር_ይናገር ቦንድስ ሲመጣልህ እኔም እሻሻላለሁ ብለሃል፣ ቦንድስን አስር ዓመት ይዞ መዝለቅ ግን ቀላል እንዳይመስልህ።

እና ሮብ ኔን የሚባለው ክሎዘራቸው (ጨዋታውን የሚዘጋው ፒቸር) ትከሻው ተቀዶ ነበር በዛ ወርልድ ሲሪስ፣ እሱም ያውቃል፣ ግን ለቡድኑ ብሎ ወረወረ፣ ከዛ በኋላ በህይወቱ ሜጀር ሊግ ላይ አልወረወረም። በስድስተኛው ጨዋታ የኤንጀልሱ ግላውስ የመጨረሻዋን ዳብል የመታው እሱ ላይ ነው። ዱስቲ ኦርቲዝን ቀድሞ አወጣው ስንል፣ ከኋላ የቆመለት ክንድ ምን አይነት እንደነበር አብረን እናንሳ።

ሰካራሙ_ሶክስ፦
ማናጀር ምንም አይሰራም፣ ተጫዋች ካለህ ታሸንፋለህ ከሌለህ ትሸነፋለህ፣ በቃ። ክሩ ይዘጋ።

ዘጠነኛ_ኢኒንግ፦
@ሰካራሙ_ሶክስ እንደዛ ከሆነ ናሽናልስ 2015 ላይ በነዛው በሃርፐርና በሸርዘር 83 አሸንፈው ቀሩ፣ ዳግአውት ውስጥ የራሱ ቡድን ፒቸር ፓፔልቦን ሃርፐርን አንገቱን ሲያንቀው በዓይናችን አየን። ዱስቲ መጣ፣ 95። ቀጥሎ 97። እሱን አባረው በቀጣዩ ዓመት 82። ከዛ 2019 ዋንጫ በላን፣ ዴቭ ማርቲኔዝ ይመስገን፣ ግን ያን ማታ እኔ ሽማግሌውንና ዝም ያለውን ልጅ ነው ያስታወስኩት፣ ዱስቲ እዚህ ቢሆን ብዬ።

ጋሽ_መኮንን_ዲሲ፦
እኔም እንደዛው ነው ያሰብኩት ልጄ።

ቁጥር_ይናገር፦
እሺ እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሆል ኦፍ ፌም መግባት አለበት ወይ ብትሉኝ፣ ከትላንት ወዲያ አይገባም እል ነበር። ዛሬ ይግባ እላለሁ፣ የጋሼ አደራና የ2020 ሂዩስተን ናቸው ያሳመኑኝ፣ ዋንጫው አይደለም። ግን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉለት ታላቅ ታክቲሺያን ብለው እንዳይጽፉ፣ ያ አይደለም። እና የፕራየርን መስከረም ማንም ሰው ከአፌ አያስጥለኝም፣ እዛ ላይ እስክሞት እከራከራለሁ።

ሰፈረ_ቺካጎ፦
በዚህ እንስማማለን ወንድሜ። እኔም እሱን ለመርሳት ከብስ ዋንጫ የወሰዱበትን 2016ን መጠበቅ ነበረብኝ።

የሂዩስተን_ልጅ፦
እኔ ግን ዋንጫውንም ቁጠሩለት እላለሁ 😊 ያን ማታ ህዳር 5 የመጨረሻው ኳስ ሲያዝ ዳግአውት ውስጥ የነበሩት እሱን ከበው እየዘለሉ አቀፉት። ሚሊዮኖች እያገኙ መጀመሪያ ያሰቡት ሽማግሌውን ነው።

አዲስ_ተመልካች፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 2002 ላይ አንድ ህጻን ልጅ ሆም ቤዝ ላይ ሊረገጥ ሲል ተጫዋቹ በጃኬቱ ጎትቶ ያነሳው ቪዲዮ አለ፣ የዱስቲ ልጅ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ዘጠነኛ_ኢኒንግ፦
እውነት ነው። ዳረን ይባላል፣ ሶስት ዓመቱ ነበር፣ የባት አቀባይ ሆኖ ነው የገባው፣ ጄቲ ስኖው ሯጭ ሆኖ ሆም ሲደርስ በአንድ እጁ ላፍ አደረገው፣ ከኋላ ሌላ ሯጭ እየበረረ ነበር። ከዛ በኋላ ሊጉ ባት አቀባይ ከ14 ዓመት በታች እንዳይሆን ህግ አወጣ።

ያ ህጻን አድጎ በናሽናልስ ተመረጠ። መስከረም 1 ቀን 2024 እዚሁ ዲሲ ስታዲየም ከከብስ ጋር ስንጫወት የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር፣ እኔ ከልጄ ጋር ላይኛው ሰገነት ላይ ነበርኩ። ስሙ ሲጠራ ልጄ «ማነው?» አለኝ፣ መናገር ጀምሬ ሳልጨርስ የመጀመሪያ ተራው ላይ ሂት መታ። ቤዝ ላይ ቆሞ ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁት፣ ያ ድፍን ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ያጨበጭባል፣ ናሽናልስም ከብስም።